ድጎማ ያለውና የሌለው በአንድ ገበያ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ስለ ኤሌክትሪክ ዋጋ አወሳሰን ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤው በዝቶብኛል። አብዛኛው የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ መንግሥታት ለነፋስና ለፀሐይ ኃይል የሚሰጡት ድጎማ የኤሌክትሪክ ገበያውን ውድድር አጠፋው ወይስ አጠናከረው? እኔ የተማርኩት ኤሌክትሪክ ሲሸጥና ሲገዛ በሚዋልበት ክፍል ውስጥ ነው። የጋዝ ማመንጫ ኃይል በምሸጥበት ዘመን ድጎማን ስራገም እውል ነበር፤ የነፋስ ኃይል መሸጥ ስጀምር ደግሞ ጠበቃው ሆንኩ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን የት የት ላይ እንደሚያጋንን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ በጋዝ ማመንጫ ውስጥ መሐንዲስ ነው። “አንዱን ሯጭ ብስክሌት ላይ አስቀምጠው ሌላውን በእግርህ ድረስበት ይሉታል፤ ይሄ ውድድር አይባልም” ይላል። እኔ ደግሞ ነፋስና ፀሐይ ያሸነፉት ርካሽ ስለሆኑ ነው ባይ ነኝ። በየበዓሉ እንከራከራለን። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ የወንድምህ ምሬት እውነተኛ ነው፤ ብስክሌቱን ያየበት ቦታ ግን ልክ አይደለም።

በአብዛኛው አውሮፓ ለነገ የሚሆነው ኤሌክትሪክ የሚሸጠው ዛሬ ነው። እያንዳንዱ አመንጪ ለነገው ቀን ለየክፍለ ጊዜው “ይህን ያህል ሜጋዋት በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ” ብሎ እስከ እኩለ ቀን ያስገባል። ገበያው የቀረበለትን ከርካሹ ወደ ውዱ ይደረድራል። ፍላጎቱን ለመሙላት መጨረሻ ላይ የተጠራው ማመንጫ ያቀረበው ዋጋ ለሁሉም ይከፈላል፤ ቀድሞ በርካሽ ላቀረበውም ጭምር።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል እኔ ያወጣኋቸው ናቸው። ፍላጎቱ 1,100 ሜጋዋት ነው እንበል። ውኃና ኒውክሌር 400 ሜጋዋት በ10 ዩሮ፣ የድንጋይ ከሰል 300 በ35፣ የወንድምህ ጋዝ 300 በ50፣ አንድ ያረጀ ጋዝ ማመንጫ ደግሞ 150 በ80 ዩሮ ያቀርባሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 1,000 ይሞላሉ፤ የቀረውን 100 የሚያመጣው አሮጌው ነውና ዋጋው 80 ዩሮ ይሆናል። ወንድምህ ነዳጁን ከፍሎ በሜጋዋት ሰዓት 30 ዩሮ ይተርፈዋል። የማመንጫው ብድርና የእሱ ደመወዝ የሚወጣው ከዚህ ነው። አሁን 450 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል በዜሮ ዩሮ ይግባ። ከነፋሱና ከነውኃው 850 ተገኘ፤ ቀሪውን 250 ከሰሉ ይሸፍነዋል። ዋጋው 35 ላይ ያርፋል፣ አሮጌው ጋዝ ከጨዋታ ይወጣል፣ የወንድምህም ማመንጫ አይጠራም። ውኃውና ኒውክሌሩ ሥራ ላይ ቢሆኑም ትርፋቸው ከ70 ወደ 25 ዩሮ ወረደ።

ልብ በል፤ እስካሁን ድጎማ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ነፋስ ነዳጅ አይገዛም። ሳንቲም ባይደጎምም የሚያቀርበው ዋጋ በዜሮ አካባቢ ነው። ተርባይኑ አንዴ ከተተከለ በኋላ ከሰልፉ ፊት የሚያቆመው ተፈጥሮው ነው። ድጎማው ሥራውን የሠራው ከዓመታት በፊት፣ “ይተከል ወይስ ይቅር?” በተባለበት ቀን ነው። ጀርመን በ2000 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ መረቡ ባለቤት የነፋስና የፀሐይ ኃይልን ቅድሚያ ሰጥቶ እንዲቀበል፣ ለአመንጪውም ለ20 ዓመት የተቆረጠ፣ ማለትም አስቀድሞ የተወሰነ ዋጋ እንዲከፈለው ተደነገገ። ባንኩ ያበደረው በዚህ ዋስትና ነው። ወንድምህ ሊከራከር ከፈለገ በዚያ ቀን ላይ ይከራከር።

ደግሞም ብስክሌት ላይ የተቀመጠው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ከሰልና ጋዝ ለሚለቁት ጭስ ለረጅም ዘመን ምንም አልከፈሉም። አውሮፓ ጭስ የመልቀቅ ፈቃድ የሚሸጥበትን የካርቦን ገበያ በ2005 ብትጀምርም የአንድ ቶን ዋጋ ለዓመታት ከ10 ዩሮ በታች ተኝቶ ከርሟል። ኒውክሌርም ቢሆን ያው ነው፤ ብሪታንያ ለሂንክሊ ፖይንት ሲ ማመንጫ በ2012 የገንዘብ ዋጋ ተሰልቶ በሜጋዋት ሰዓት 92.50 ፓውንድ ለ35 ዓመት ቃል ገብታለች።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ብዙም የማይነሳው ተጎጂ ነው፤ ያልተደጎመ ነፋስ። ነፋስ ሲነፍስ በአካባቢው ላለው ተርባይን ሁሉ እኩል ይነፍሳል። ስለዚህ ብዙ ተርባይን በተተከለ ቁጥር ሁሉም የሚሸጡት ዋጋው በወደቀበት ሰዓት ይሆናል፤ ዋጋው ሲወጣ ደግሞ ነፋሱ የለም። ፀሐይ ላይ ይባስ ብሎ በየቀኑ፣ ያውም በእኩለ ቀን ይደርሳል። በራሱ ገንዘብ ሊተክል የተነሳ ባለሀብት ስሌቱን ሲሠራ ገበያው በተደጎሙ ዘመዶቹ ተጥለቅልቆ ያገኘዋል። እሱም ድጎማ ይጠይቃል። ጋዙም ይህን አይቶ “ተጠባባቂ ሆኜ መቆሜ ራሱ ይከፈልበት” ማለት ጀመረ፤ ብሪታንያ የመጀመሪያውን የአቅም ጨረታ በ2014 ያካሄደችው በከፊል ለዚህ ነው። አንዱ ድጎማ ሌላውን እየጠራ ሄዶ መጨረሻ ላይ ያለ መንግሥት ውል ማመንጫ የሚተክል ሰው ይጠፋል። ድጎማ ውድድርን ይጎዳል የሚሉኝን ሰዎች የምሰማው እዚህች ላይ ነው።

በሌላ በኩል ጀርመን ውስጥ ምርቱን የያዙት አራት ታላላቅ ኩባንያዎች ነበሩ። የተቆረጠው ዋጋ ገበሬውን፣ የሰፈር ማኅበሩን፣ ጣሪያ ያለውን ሰው ሁሉ አመንጪ አደረገው። ከአራቱ አንዱ ኢ.ኦን የጋዝና የከሰል ሥራውን ዩኒፐር በሚባል ኩባንያ ስም በ2016 ቆርሶ ለየ። ሌላው፣ አርደብሊውኢ፣ ከኪሳራ በኋላ ፊቱን አዙሮ ዛሬ ራሱ ከትልልቆቹ የነፋስ አመንጪዎች አንዱ ሆኗል። አራቱ ተጎድተው ይሆናል፤ የገበያው ተወዳዳሪ ቁጥር ግን አልቀነሰም።

ጥያቄ፦ (ከአንዲት የኢኮኖሚክስ ተማሪ) ዋጋው ከዜሮ በታች ወረደ ሲባል እሰማለሁ። ሻጩ ለገዢው ገንዘብ ጨምሮ ኤሌክትሪኩን ይሰጣል ማለት ነው? መምህራችን “ይሄ የድጎማ ውጤት ነው” ብሎ አለፈው።

መልስ፦ አዎ፣ ሻጩ ይከፍላል። በጀርመን ገበያ ከዜሮ በታች ዋጋ ማቅረብ የተፈቀደው በ2008 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

መምህርሽ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ከዜሮ በታች የሚወርዱ ሁለት ዓይነት ሻጮች አሉ። አንደኛው ማቆም የሚከብደው ነው። ትልቅ የከሰል ወይም የኒውክሌር ማመንጫ ለሦስት ሰዓት ብሎ አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት ብዙ ያስከፍለዋል፤ ስለዚህ ለሦስት ሰዓት ትንሽ ከፍሎ መቀጠሉ ያዋጣዋል። ይህ ንጹሕ የሂሳብ ውሳኔ ነው፣ ማንንም አያስወቅስም።

ሁለተኛው ባመነጨው በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ድጎማ የሚቆጠርለት ነው። የአሜሪካን ምሳሌ ውሰጂ። በ1992 በወጣ ሕግ የነፋስ አመንጪ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ባመረተው ልክ የግብር ቅናሽ ያገኛል፤ መነሻው በኪሎዋት ሰዓት 1.5 ሳንቲም ነበር፣ ከዋጋ ንረት ጋር እያደገ በ2016 ወደ 2.3 ሳንቲም ደረሰ። ይህ በሜጋዋት ሰዓት 23 ዶላር ነው። ካመነጨ 23 ያገኛል፣ ካቆመ ዜሮ። ታዲያ “20 ዶላር ከፍዬ ውሰዱልኝ” ቢል ሦስት ዶላር ይተርፈዋል። ማቆም ምንም የማያስወጣው ተርባይን፣ ኤሌክትሪኩ ለማንም በማይፈለግበት ሰዓት፣ ሌላውን አስለቅቆ ይሮጣል። የሚገፈተረው ምናልባት ያው ንጹሕ የሆነ፣ ግን የ10 ዓመት ጊዜውን የጨረሰ ሌላ ተርባይን ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ግልጽ ነው። ይህ ሻጭ ዋጋን አይሰማም፤ ዋጋን የማይሰማ ሻጭ የበዛበት ቦታ ደግሞ ገበያ መሆኑ ያጠራጥራል።

ግን የምዕራብ ቴክሳስን ታሪክ ሳትሰሚ አትደምድሚ። ነፋሱ ያለው በምዕራብ ነው፣ ሕዝቡ ያለው በምሥራቅ ከተሞች። መስመሩ ጠባብ ስለነበር ኃይሉ እዚያው ይታጎርና ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርድ ነበር። ግዛቲቱ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ የወጣባቸውን አዳዲስ የማስተላለፊያ መስመሮች ዘርግታ በ2014 አካባቢ ሲያልቁ እነዚያ ሰዓቶች በጣም ቀነሱ። ድጎማው እንዳለ ነበር። ስለዚህ በድጎማ ከሚሳበበው ውስጥ የተወሰነው የመስመር እጥረት ነው። ይህን ለመምህርሽ ንገሪው፤ በጥያቄ መልክ ቢሆን ይሻላል።

ሕግ አውጪዎቹም ቆይተው ነቅተዋል። ጀርመን ዋጋው ለስድስት ተከታታይ ሰዓት ከዜሮ በታች ከዋለ ድጎማው ይቋረጥ ስትል ጀመረች። አምስተኛው ሰዓት ላይ ስንደርስ በክፍላችን የነበረውን ጭንቀት ብታይው! ወደ ስድስተኛው እንዳይሻገር የሚጸልይ ሁሉ ነበር። ስድስቱ ቆይቶ አራት ሆነ፤ ከ2025 ወዲህ ለሚገቡ ለአብዛኞቹ አዳዲስ ማመንጫዎች ደግሞ ዋጋው ከዜሮ በታች ሲሆን ክፍያ የለም። ብሪታንያም ከ2022ቱ ዙር ጀምሮ በሰጠቻቸው ውሎች ተመሳሳይ አንቀጽ አስገብታለች።

ጥያቄ፦ ነፋስና ፀሐይ የገበያውን ዋጋ ካወረዱ የእኔ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ለምን ይወጣል? ይህን የሚያስረዳኝ ሰው አጥቼ ነው።

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ የሚያስረዳ የሚጠፋውም መልሱ ለፖለቲከኛ ስለማይመች ነው።

የተቆረጠ ዋጋ የተሰጠው አመንጪ በሜጋዋት ሰዓት 90 ዩሮ ቃል ተገብቶለታል እንበል። ገበያው 50 ከከፈለ 40ውን አንድ ሰው መሙላት አለበት። ነፋሱ ራሱ ገበያውን ወደ 30 ሲያወርደው ጉድለቱ 60 ይሆናል። በጀርመን ይህ ጉድለት ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ሂሳብ ላይ እንደ ተጨማሪ ክፍያ ይታሰብ ነበር። በ2014 በኪሎዋት ሰዓት 6.24 ሳንቲም ደረሰ። ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበሉ ፋብሪካዎች “ከውጭ ተወዳዳሪ እንዳንወድቅ” ብለው ከአብዛኛው ስለተማሩ ሸክሙ ወደ ተራው ቤትና ወደ ትንሹ ሱቅ ዞረ። ርካሹን የገበያ ዋጋ ፋብሪካው አገኘ፣ ጉድለቱን እርስዎን የመሰለ ሰው ሞላ። በ2022 ሐምሌ ይህ ክፍያ ከሂሳቡ ወጥቶ ወደ መንግሥት በጀት ተዛወረ፤ ይኸውም ከፋዩን ለወጠው እንጂ ወጪውን አላጠፋውም።

ከውድድር አንጻር ሌላም መዘዝ አለው። የቤት ደንበኛ ከሚከፍለው ውስጥ አብዛኛው ግብር፣ የመስመር ኪራይና የድጎማ ክፍያ ሲሆን ቸርቻሪ ኩባንያዎች የሚወዳደሩበት ቁራጭ እየጠበበ ይሄዳል። ኩባንያ ቢቀይሩም የሚቆጥቡት ትንሽ ይሆናል። ሰው ካልቀየረ ደግሞ ቸርቻሪው ምን አስጨነቀው?

የብሪታንያው ውል ከዚህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ዋጋ ይቆረጣል፤ ገበያው ከዚያ በታች ከሆነ ለአመንጪው ይሞላለታል፣ በላይ ከሆነ ግን ትርፉን አመንጪው ይመልሳል። በ2022 የጋዝ ዋጋ ሰማይ በነካ ጊዜ በዚህ ውል ያሉ አመንጪዎች ከፋዮች ሆኑ። የጀርመኑ ውል በአንጻሩ በክፉ ቀን ለአመንጪው ይደርስለታል፣ በደግ ቀን ግን ትርፉን ለብቻው ይተውለታል።

ጥያቄ፦ እኛ አነስተኛ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነን። “ድጎማው በጨረታ ሲሆን ውድድሩ ይሰፋል” ይባላል። ለማን ነው የሚሰፋው?

መልስ፦ ለካፒታል ላለው። ግን ነገሩን በቅንነት ልዘርዝርላችሁ፤ ጨረታ የሠራው ሥራ አይካድም።

ጨረታ ያልነበረበት ዘመን ምን እንደሚመስል ስፔን አሳይታለች። በ2007 ለፀሐይ ኃይል ለጋስ ዋጋ ቆረጠች፤ የታሰበው 400 ሜጋዋት እንኳ የማይሞላ ነበር፣ በ2008 ብቻ ግን ከ2,500 ሜጋዋት በላይ ተተከለ። መንግሥት ደንግጦ ለተተከሉትም ጭምር ክፍያውን መቀነስ ጀመረ፤ ባለሀብቶቹ ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ሄዱ፣ ክርክሩም ለዓመታት ተጎተተ። ዋጋውን ባለሥልጣን በግምት ሲቆርጥ አንድም ይበዛል አንድም ያንሳል። በጨረታ ግን ተወዳዳሪው ራሱ “ይህ ይበቃኛል” ይላል። የብሪታንያን የባሕር ላይ ነፋስ ተመልከቱ፤ ሁሉም በ2012 ዋጋ ነው። በ2015 ያሸነፉት በሜጋዋት ሰዓት ከ114 ፓውንድ በላይ ነበሩ። በ2017 ዝቅተኛው 57.50 ሆነ፤ በ2019 ወደ 40 ወረደ። ቀኑን ሙሉ ገበያ ላይ ያጣነው ፉክክር በጨረታው ቀን ተገኘ ማለት ነው።

ታዲያ በ2023 መንግሥት የጨረታውን ዋጋ ጣሪያ 44 ፓውንድ ላይ አቆመ። ብረቱ፣ ወለዱ፣ ሁሉም በተወደደበት ዓመት! ለባሕር ላይ ነፋስ አንድም ተጫራች አልቀረበም። በቀጣዩ ዓመት ጣሪያው ወደ 73 ከፍ ተደረገ፣ ተጫራቾችም ተመለሱ።

ወደ እናንተ ጉዳይ ስመጣ፣ ጨረታ ከማሸነፋችሁ በፊት የንፋስ ልኬት፣ የመሬት ውል፣ ፈቃድና የማስያዣ ገንዘብ ይጠይቃል። ሃያ ቦታ የሚጫረት ኩባንያ አሥራ አምስቱን ቢሸነፍ በአምስቱ ይካካሳል። አንድ ቦታ ብቻ ያላችሁ እናንተ ከተሸነፋችሁ ያወጣችሁት ሁሉ ውኃ በላው። ጀርመን ይህን አስባ በ2017 ለዜጎች ማኅበራት ልዩ መብት ሰጠች፤ ፈቃድ ሳይኖራቸው መጫረት፣ ለግንባታም ረዘም ያለ ጊዜ። ውጤቱ? በዚያው ዓመት በተደረጉት የየብስ ነፋስ ጨረታዎች ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን “ማኅበራት” ጠራረጉት። ቀረብ ብለው ሲያዩ ከብዙዎቹ ጀርባ ማኅበሩን ያዋቀሩ ትልልቅ አልሚዎች ተገኙ፤ ካሸነፉትም ውስጥ ብዙው ሳይተከል ቀረ። መብቱ በሚቀጥለው ዓመት ታገደ፣ እውነተኞቹ ማኅበራትም አብረው ተጎዱ።

ስለዚህ ምክሬ፣ አገራችሁ ለአነስተኛ ማመንጫ ከጨረታ ውጪ የሆነ መስመር ካላት በዚያ ግቡ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብም ለትንንሾቹ ይህን ይፈቅዳል። ከሌላት ደግሞ ከሌሎች ማኅበራት ጋር ሆናችሁ ብዙ ቦታ በአንድ ላይ ይዛችሁ ካልሆነ ብቻችሁን ወደ ጨረታ እንዳትገቡ። “በስማችሁ እንጫረት” ብሎ የሚመጣ አልሚ ካለም ድምፅ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ከመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ድጎማ ያገኘው አመንጪ፣ ድጎማው ተቀንሶ እውነተኛ ወጪውን እንዲያቀርብ በሕግ ማስገደድ አይቻልም? ሜዳው እኩል ይሆናል።

መልስ፦ ተሞክሯል። በአሜሪካ ፒጄኤም የሚባለው፣ በ13 ግዛቶች የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ገበያ ወደፊት ለሚያስፈልግ የማመንጨት አቅም ጨረታ ያደርጋል። የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ በ2019 ታኅሣሥ የግዛት ድጎማ የሚያገኙ ማመንጫዎች ከተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ በታች እንዳያቀርቡ አዘዘ። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ግዛቱ በራሱ ሕግ ያስተከለው ማመንጫ ጨረታውን ከተሸነፈ ቆሞም ቢሆን እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሸማቹም ለእሱ በድጎማ ከፍሎ በእሱ ቦታ ለሌላ ማመንጫ ድጋሚ ይከፍላል። አንዳንድ ግዛቶች ከጨረታው እንወጣለን ብለው ዛቱ፣ ጨረታውም ተራዝሞ ተራዝሞ በ2021 ተካሄደ፤ ደንቡም በዚያው ዓመት ጠበበ። እኔ በበኩሌ ሜዳውን ማስተካከል የሚሻለው ጭሱን በማስከፈል ነው ባይ ነኝ፤ ዋጋን በትእዛዝ ማስወደድ ሸማቹን ከመቅጣት አያልፍም።

ጥያቄ፦ ባትሪስ? እሱም ይደጎማል አይደል?

መልስ፦ ይደጎማል። በ2022 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለብቻው ለቆመ ባትሪ ጭምር የኢንቨስትመንት የግብር ቅናሽ ሰጥቷል። ግን የሚከፈለው ባትሪው ሲተከል ነው፤ በሚያወጣው በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት አይቆጠርለትም። ስለዚህ ከተተከለ በኋላ ኑሮው ዋጋን በማዳመጥ ላይ የቆመ ነው፤ በእኩለ ቀን ዋጋው ሲወድቅ ይገዛል፣ ሲመሽ ይሸጣል። ካሊፎርኒያ በ2024 ከ10,000 ሜጋዋት በላይ ባትሪ ነበራት፤ ምሽት ላይ ዋጋ ሲያስወጡ የኖሩትን ጋዝ ማመንጫዎች የሚፎካከረው እሱ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ የተነሳው መሐንዲስ ወንድም የሚጨነቅ ከሆነ ከነፋሱ ይልቅ ይህንን ቢከታተል ይሻለዋል።